አዲስ ፕሮሰሰር መግዛት ለማን ይጠቅማል?

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን ግቢ በዕረፍት ሰዓት ከኳስ ወሬ ቀጥሎ የሚሰማው ክርክር የኮምፒዩተር ክርክር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንዱ «ኤ.ኤም.ዲ. ይሻላል» ይላል፤ ሌላው «ኢንቴልን የሚያህል የለም» ብሎ ይመልሳል፤ ሦስተኛው ደግሞ በስልኩ ያስቀመጠውን የፈተና ሠንጠረዥ አውጥቶ ሁለቱንም ዝም ያሰኛል። ክርክሩ በደወል ይቋረጣል። ደወል የማያቋርጠው ግን ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ወደ ቤት ተሄዶ ለአባትና ለእናት የሚቀርበው ልመና ነው። «አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ወጥቷልና ይገዛልኝ» የሚለው ጥያቄ ለወላጅ ቀላል አይደለም፤ የሚጠየቀው ገንዘብ የብዙ ሰው የወር ደመወዝ፤ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ነውና።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። ስለ ፕሮሰሰር የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ገንዘቡን የሚከፍለው ወላጅ ግን ከሠንጠረዡ አንዳች ሳይረዳ ኪሱን እንዲከፍት ይጠበቃል። ባለፈው ዓመት በቤታችን ይኸው ጥያቄ በእውነት ተነሥቶ ነበር፤ ታላቅ እኅቴ በሠርግ ቪዲዮ ሥራ ያጠራቀመችውን ገንዘብ በምን ላይ እንደምታውለው ስንመክር ሰነበትን። ያን ጊዜ ያነበብሁትንና የለካሁትን እዚህ ባቀርበው ለሌላውም ይረባል ብዬ ዐሰብሁ። እንደ ምሳሌ የምወስደው በ2024 የወጡትን የኤ.ኤም.ዲ.ንና የኢንቴልን ፕሮሰሰሮች ነው። ዕቃዎቹ የሚታወቁት በወጡበት የፈረንጅ ዓመት ስለ ሆነ ዘመኑን በኤሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ አቈጣጠር ስጽፍ «ዓ.ም.» እጨምርበታለሁ።

ሐሳቤን ከመነሻው ልናገር። አዲስ ፕሮሰሰር የሚጠቅመው ሥራው ሁሉ ፕሮሰሰሩን ሲጠብቅ ብቻ ነው። በብዙ ቤት ያለው ኮምፒዩተር ግን የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው።

ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት እናስብ። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ እጅግ ቀልጣፋ ጸሐፊ አለ፤ የመጣለትን ወረቀት አንብቦ፤ ደምሮና ቀንሶ፤ ውሳኔ ጽፎ ያሳልፋል። ይህ ጸሐፊ ፕሮሰሰሩ ነው። የሚሠራባቸው ወረቀቶች የተዘረጉበት ጠረጴዛ ራም ይባላል። ጠረጴዛው ለማይበቃው ሁሉ ከምድር ቤት መዝገብ ቤት አለ፤ ይህም ሃርድ ዲስኩ ወይም በዘመኑ ኤስ.ኤስ.ዲ. የተባለው ነው። ጸሐፊው ቶሎ ቶሎ የሚፈልጋቸውን ጥቂት ወረቀቶች ደግሞ በመሳቢያው ያኖራል፤ መሳቢያው በፕሮሰሰሩ በራሱ ላይ ያለው ካሽ የተባለው ትንሽ ማኅደር ነው። በዛሬ ፕሮሰሰር ውስጥ ጸሐፊው አንድ ብቻ አይደለም፤ ስድስት፤ ስምንት፤ ዐሥራ ስድስት ሆነው ጐን ለጐን ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱም ኮር ይባላል።

ጸሐፊው የሚሠራው በምት ነው። 5 ጊጋኸርዝ ማለት በአንድ ሰከንድ 5 ቢሊዮን ምት ማለት ነው። ይህን ያህል ፍጥነት በልቡና መሳል ስለሚያስቸግር አንዱን ምት እንደ አንድ ሰከንድ አድርገን እንቍጠረው። ያን ጊዜ ጸሐፊው ከመሳቢያው ወረቀት ለማውጣት ከአንድ ደቂቃ በታች ይበቃዋል። ከራም ለማምጣት ስድስት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ወደ ኤስ.ኤስ.ዲ. ቢልክ ወረቀቱ የሚመጣለት ከስድስት ቀን ገደማ በኋላ ነው። በሚሽከረከረው በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ግን፤ አንባቢው ክንድ ቦታውን ፈልጎ እስኪያገኝ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚወስድ፤ ጸሐፊያችን አንድ ዓመት ከሰባት ወር እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። «ፋይልዎ ከመዝገብ ቤት አልመጣምና ነገ ይመለሱ» መባልን የለመዱ ወላጆቻችን ይህን ለመረዳት ከእኛ ይልቅ እንደሚፈጥኑ አልጠራጠርም።

እንግዲህ ፋይሉ ለሚዘገይበት መሥሪያ ቤት ፈጣን ጸሐፊ መቅጠር ምን ይረባል? አዲሱ ጸሐፊ በፍጥነት ይቀመጣል እንጂ በፍጥነት አይሠራም። አባቴ ለሒሳብ ሥራ የሚገለገልበት ኮምፒዩተር ከተነሣ በኋላ ሻይ ፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ እሺ አይልም ነበር። «አርጅቷልና በአዲስ ይለወጥ» ተብሎ ዋጋ እስከ መጠየቅ ተደርሶ ነበር። ታስክ ማኔጀር የተባለውን የዊንዶውስ መቈጣጠሪያ ከፍተን ስንመለከት ግን ፕሮሰሰሩ ከመቶ ዐሥር እጅ እንኳ ሳይሠራ ዲስኩ መቶ ከመቶ ይል ነበር። ሃርድ ዲስኩ በኤስ.ኤስ.ዲ. ተተካ፤ በ2013 የወጣው ኮር አይ3 ፕሮሰሰር ግን እንዳለ ቀረ። ዛሬ ውኃው ሳይሞቅ ኮምፒዩተሩ ለሥራ ዝግጁ ይሆናል። ወጪውም አዲስ ኮምፒዩተር ከሚጠይቀው ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

አሁን ወደ አዲሶቹ ፕሮሰሰሮች ልመለስ። «ትውልድ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። የሰው ትውልድ ሲለወጥ ሁሉ ነገር አብሮ የሚለወጥ ይመስለናል፤ የፕሮሰሰር ትውልድ ግን ፋብሪካው በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ አሻሽሎ ለሚያወጣው ሥራ የሰጠው ስም ነው፤ መሻሻሉም አንዳንዴ ትልቅ አንዳንዴ ትንሽ ነው። ኤ.ኤም.ዲ. በሴፕቴምበር 2022 ራይዘን 7000 የተባሉትን አወጣ፤ የውስጥ አሠራራቸው ዜን 4 ይባላል። በኦገስት 2024 ደግሞ ራይዘን 9000 የተባሉትን አስከተለ፤ እነዚህ ዜን 5 ናቸው። ከፊተኞቹ 7700ኤክስን፤ ከኋለኞቹ 9700ኤክስን ወስደን ብናስተያይ ሁለቱም ስምንት ኮር አላቸው፤ አንዱ እስከ 5.4፤ ሌላው እስከ 5.5 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። በምት ብዛት ረገድ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። የተለወጠው በአንዱ ምት ውስጥ የሚፈጸመው ሥራ ነው። ዜን 4 በአንድ ምት እስከ ስድስት ትእዛዝ ወደ ሥራ ያሰማራ ነበር፤ ዜን 5 እስከ ስምንት ያሰማራል። 512 ቢት ስፋት ያለውንም ስሌት፤ የቀድሞው ለሁለት ከፍሎ ይሠራው የነበረውን፤ አዲሱ በአንድ ጊዜ ያነሣዋል። ፋብሪካው ይህን ሁሉ ደምሮ በእኩል ምት በአማካይ ከመቶ 16 እጅ ብልጫ እንዳለው አስታወቀ።

ዕቃው ወጥቶ ገለልተኛ ፈታኞች ሲለኩት ግን በጌም ረገድ ብልጫው በብዙው ዘንድ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት ፋብሪካው ዋሸ ማለት አይደለም፤ 16 የተባለው የብዙ ዓይነት ሥራ አማካይ ነው፤ በከባድ ስሌት ላይ ብልጫው ጐልቶ ይታያል፤ በጌም ላይ ይቀንሳል። ደግሞም የ7700ኤክስ የኀይል መጠን 105 ዋት ተብሎ የተመዘገበ ሲሆን የ9700ኤክስ 65 ዋት ነው፤ ስለዚህ ያንኑ ወይም ትንሽ የበለጠ ሥራ በአነስተኛ ኤሌክትሪክ መሥራቱ ሊመሰገንበት ይገባል። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። በዚያው በኦገስት 2024 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 አንድ ማሻሻያ አወጣ፤ በእርሱም አዲሶቹ ፕሮሰሰሮች በጌም ፈጠኑ፤ ዳሩ ግን የቀደሙት ዜን 4ና ዜን 3 አብረው ፈጠኑ። ባለ አሮጌው ሰው አንዲት ሳንቲም ሳያወጣ ከፊቱ የሄደውን ተከትሎ ተራመደ ማለት ነው።

የኢንቴል ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስተምራል። ኢንቴል በኦክቶበር 24 ቀን 2024 ኮር አልትራ 200ኤስ የተባሉትን ለገበያ አቀረበ። ከእነርሱ ትልቁ 285ኬ ሃያ አራት ኮር አለው፤ ስምንቱ ትልልቅ ዐሥራ ስድስቱ ትንንሽ ናቸው። የኤሌክትሪክ ፍጆታው በግልጽ ቀንሷል፤ በስሌት ሥራም ጠንካራ ነው። በብዙ ጌም ግን ከአንድ ዓመት በፊት ከወጣው ከራሱ ታላቅ ወንድም ከ14900ኬ ወደ ኋላ ቀረ፤ ኢንቴልም አወጣጡ እንደ ተመኘው እንዳልሆነለት ራሱ በይፋ አምኗል። አዲስ የተባለ ሁሉ በሁሉ ነገር የሚበልጥ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነም ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ አሮጌው ያለ ነቀፋ አልነበረም፤ የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ ትልልቅ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየተሰጣቸው እንደሚጐዱ ኢንቴል በ2024 አስታውቆ የዋስትናውን ጊዜ በሁለት ዓመት አራዝሟል፤ ማስተካከያውንም በባዮስ ማሻሻያ በኩል አውጥቷል። ስለዚህ ከእነዚህ አንዱን ያገለገለ ሆኖ ለመግዛት የሚሻ ሰው ባዮሱ የታደሰ መሆኑን ሳይጠይቅ ገንዘብ አይክፈል።

ወደ ሠንጠረዦቹ ልምጣ፤ የክፍላችን ክርክር ሁሉ ከእነርሱ የሚመነጭ ነውና። ፈታኞች ፕሮሰሰርን በጌም ሲፈትኑ በዘመኑ ከሁሉ የሚበረታውን ግራፊክስ ካርድ ይሰኩበታል፤ በ2024 ብዙዎቹ የተጠቀሙበት በ2022 በ1,599 ዶላር የወጣውን አር.ቲ.ኤክስ. 4090 ነው። የሥዕሉንም ጥራት ወደ 1920 በ1080 ያወርዱታል። ይህን የሚያደርጉት ለማታለል አይደለም፤ ግራፊክስ ካርዱ ሥራ እንዳይበዛበትና የፕሮሰሰሮቹ ልዩነት እንዲታይ ነው። እንዲህ ባለ ፈተና የታየው የ20 ወይም የ30 ፍሬም ልዩነት ግን መካከለኛ ግራፊክስ ካርድ ባለበት ቤት አይገኝም።

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የተጓዘ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። በዓባይ በረሃ ዳገት ላይ ጭነት የከበደው ተሳቢ ከፊት እያቃሰተ ሲወጣ ከኋላው የተሰለፈው አዲስ መኪናም አሮጌ መኪናም እኩል ይሄዳል። አዲሱ መኪና ጉልበት አንሶት አይደለም፤ መንገዱን የያዘው ሌላ ስለ ሆነ ነው። ፈታኞቹ የሚያደርጉት ተሳቢውን ከመንገድ አስወጥተው መኪኖቹን ማሽቀዳደም ነው። እኛ ግን ከተሳቢው ጋር የምንኖር ነን።

እንግዲያው በቤት ውስጥ መንገዱን የያዘው ማን እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ብዙ ጓደኞቼ ታስክ ማኔጀርን ከፍተው «ፕሮሰሰሬ 30 ከመቶ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ይበቃኛል» ይላሉ፤ ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። ዐሥራ ሁለት የሥራ መስመር ባለው ፕሮሰሰር ላይ አንድ ጌም አንዱን መስመር ብቻ እስከ መጨረሻው ቢያሠራው ከጠቅላላው የሚታየው ከመቶ ስምንት እጅ ያህል ብቻ ነው። አንድ ጸሐፊ በላብ ተጠምቆ ዐሥራ አንዱ ሻይ ሲጠጡ አማካዩን ማየት ማለት ነው። የሚሻለው የግራፊክስ ካርዱን ቍጥር መመልከት ነው፤ እርሱ ከመቶ 97 ወይም 98 ላይ ከተቀመጠ መንገዱን የያዘው እርሱ ነው። ከዚህ የሚቀለው ፈተና ደግሞ ይህ ነው፤ በጌሙ ማስተካከያ የሥዕሉን ጥራት ወደ ታች አውርዱት። ፍሬሙ ብዙ ከጨመረ የያዛችሁ ግራፊክስ ካርዱ ነበር። ሥዕሉ ተበላሽቶ ፍሬሙ ያው ከሆነ ግን በእውነት ፕሮሰሰሩ ነው፤ ያን ጊዜ አዲስ ይገዛልኝ ማለት ምክንያት አለው።

በቤታችን ያለው ኮምፒዩተር አንድ ነው፤ ቀን እኅቴ ትሠራበታለች፤ ማታ እኔ እጫወትበታለሁ። ፕሮሰሰሩ በ2019 የወጣው ራይዘን 5 3600 ሲሆን ስድስት ኮር አለው፤ ግራፊክስ ካርዱም በዚያው ዓመት የወጣ ጂ.ቲ.ኤክስ. 1650 ነው። እኔ ዐይኔን የጣልሁት በ9800ኤክስ3ዲ ላይ ነበር። ይህ ፕሮሰሰር በኖቬምበር 2024 በ479 ዶላር የወጣ ሲሆን፤ መሳቢያው፤ ማለት ካሹ፤ 96 ሜጋባይት ድረስ የሰፋ ነው፤ ጸሐፊው ወደ ጠረጴዛው ሳይዘረጋ ብዙ ስለሚሠራ በጌም የሚተካከለው በዚያ ጊዜ አልነበረም። ዳሩ ግን ከላይ የተናገርሁትን ፈተና በምወዳቸው ጌሞች ሁሉ ብሞክረው በሁሉም ጥራቱን ሳወርድ ፍሬሙ ጨመረ፤ ግራፊክስ ካርዱም ከ98 አልወርድም አለ። እንግዲህ 479 ዶላር ለእኔ የሚያመጣልኝ ነገር አልነበረም ማለት ነው።

ይህን ለእኅቴ ብነግራት «አንተ የለካኸው ጨዋታህን ነው እንጂ የእኔን እንጀራ አይደለም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። የሠርግ ፊልሙን ቈርጣና ቀጥላ ከጨረሰች በኋላ የመጨረሻውን ቪዲዮ ስታወጣ ብንመለከት ዐሥራ ሁለቱም የሥራ መስመሮች መቶ ከመቶ ሆነው ሰዓታት ይቈያሉ፤ ዲስኩም ግራፊክስ ካርዱም ሥራ ፈተው ይጠብቃሉ። ያው አንድ ኮምፒዩተር ለእኔ ፕሮሰሰር አያስፈልግም ሲል ለእርሷ ያስፈልጋል አለ።

የፕሮሰሰሩ መፍጠን ለእርሷ ምን ያህል እንደሚተርፍ ለማወቅ በወረቀት ላይ አሰላነው። ጂን አምዳል የተባለው የኮምፒዩተር ዐዋቂ በ1967 ያስረዳው ሕግ አለ፤ ፍሬ ነገሩም የአንዱን ክፍል ፍጥነት ብታሻሽል የምታተርፈው ያ ክፍል ከጠቅላላው ሥራ በያዘው ድርሻ ልክ ብቻ ነው የሚል ነው። ዐሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ቢኖርና ከእርሱ አራቱ ደቂቃ ብቻ የፕሮሰሰሩ ቢሆን፤ ከመቶ 16 እጅ የሚፈጥን ፕሮሰሰር ያን አራት ደቂቃ ወደ 3 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ያወርደዋል፤ ከጠቅላላው የተረፈው 33 ሰከንድ ነው። ዐሥሩም ደቂቃ የፕሮሰሰሩ ከሆነ ግን የሚተርፈው 1 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ይሆናል። በዚህ ሒሳብ ሲታይ ለእኅቴ የሚበጀው ከመቶ 16 እጅ ሳይሆን የጸሐፊዎቹ ቍጥር ዕጥፍ መሆን ነበር፤ ቪዲዮ ማውጣት ለብዙ ጸሐፊ ተከፋፍሎ የሚሠራ ሥራ ነውና።

እዚህ ላይ ዋጋ ገባ። አዲሱን ትውልድ ለመግዛት ፕሮሰሰሩን ብቻ መግዛት አይበቃም። የእኛ ማዘርቦርድ ሶኬቱ ኤ.ኤም.4 የተባለው ነው፤ ራይዘን 7000ና 9000 ግን የሚገቡት በኤ.ኤም.5 ሶኬት ነው፤ ራሙም ዲ.ዲ.አር.5 መሆን አለበት። ስለዚህ ፕሮሰሰር፤ ማዘርቦርድና ራም አንድ ላይ መገዛት ነበረባቸው። በ2025 መጨረሻ ደግሞ የራም ፋብሪካዎች ሥራቸውን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማእከሎች ስላዞሩ የዲ.ዲ.አር.5 ዋጋ በብዙ አገር ገበያ ከዕጥፍ በላይ ዘለለ። በአገራችን ሌላም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላሩ በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 9700ኤክስ ሲወጣ ዋጋው 359 ዶላር ነበር፤ በ57 ብር ሲባዛ 20,463 ብር፤ በ100 ብር ሲባዛ 35,900 ብር ይሆናል፤ ይህም ቀረጡ፤ መጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ ነው። ለአሜሪካዊው ልጅ የተጻፈው «ዋጋው ተመጣጣኝ ነው» የሚል ፍርድ እዚህ ሲደርስ ሌላ ነገር ይሆናል።

ስለዚህ እኅቴ የመረጠችው በ2020 የወጣውን ራይዘን 9 5900ኤክስን፤ እርሱንም ያገለገለ ሆኖ፤ ነው። ዐሥራ ሁለት ኮር አለው፤ በነበረን ማዘርቦርድ ላይ ባዮሱ ብቻ ታድሶ ይገባል፤ ራሙም አይለወጥም። አንድ ተጨማሪ ወጪ ግን ነበረበት፤ ይህ ፕሮሰሰር ከማቀዝቀዣ ጋር አይሸጥም፤ የአሮጌው ትንሽ ማራገቢያም አይበቃውም። ቀድሞ አራት ሰዓት ያህል ይፈጅ የነበረ ፊልም ዛሬ ከሁለት ሰዓት በታች ይወጣል። 9900ኤክስ ተገዝቶ ቢሆን ከዚህም ይፈጥን ነበር፤ አልክድም። ለእርሱ ግን ሌላ ሁለት ዕቃ መግዛት ነበረባት፤ የተረፈውን ገንዘብ ደግሞ ለካሜራ ሌንስ አዋለችው፤ ደንበኞቿ የሚያዩትም የሌንሱን ሥራ ነው።

ምናልባት «እንግዲያውስ አዲሱ ለማንም አይጠቅምም» የሚል ይኖር ይሆናል። እንዲህ ማለቴ አይደለም። ገና ምንም ኮምፒዩተር የሌለው፤ ከባዶ የሚጀምር ሰው፤ አሮጌ ሶኬት ቢገዛ ነገ መንገዱ ይዘጋበታል፤ ኤ.ኤም.ዲ. ኤ.ኤም.5ን ቢያንስ እስከ 2027 እንደሚደግፍ በ2024 ስላስታወቀ በዚያ ሶኬት ቢጀምር ይሻለዋል። በኤ.ኤም.4 ዘመን በ2017 ማዘርቦርድ የገዛ ሰው በ2022 የወጣውን 5800ኤክስ3ዲን በዚያው ላይ ለመሰካት ችሏል። በኢንቴል በኩል ግን ከ2015 እስከ 2024 ባለው ጊዜ ሶኬቱ 1151፤ 1200፤ 1700፤ 1851 እየተባለ አራት ጊዜ ታድሷል። በ2015 የወጣ ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር ይዞ በሦስት አውታር የሥዕል ሥራ የሚሠራም ሰው ቢለውጥ ልዩነቱን በዐይኑ ያየዋል። የማይጠቅመው በተለይ ከፊቱ ያለውን ትውልድ ለያዘ ሰው ነው፤ 7700ኤክስ ኖሮት 9700ኤክስን የሚገዛ ሰው የሚገዛው የሳጥኑን ቀለም ነው ብል ጓደኞቼ አይቀየሙኝ።

ስለ ትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተሮችም አንድ ቃል ልጨምር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው በኢንቴል በኩል በጠቅላላው ከ8ኛው ትውልድ፤ በራይዘን በኩል ከ2000 ተከታታይ ወዲህ ያሉትን ነው፤ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለውንም የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ ፕሮሰሰሩ የሚጠየቀው ስለ ፍጥነቱ ሳይሆን ስለ ዕድሜው ነው፤ ለጽሕፈትና ለፕሮግራም ትምህርት ያለ ችግር የሚበቃ ኮምፒዩተር ከዝርዝሩ ውጭ ይቀራል። ለእንዲህ ያሉት ኤስ.ኤስ.ዲ. አስገብቶ ሊኑክስን መጫን ሁሉን ከመጣል እንደሚሻል በበኩሌ አምናለሁ፤ የሊኑክስ ዋጋ የመምህሩ ጊዜ ብቻ ነውና።

በመጨረሻ ፕሮሰሰር ብቻ ለመለወጥ ለቈረጠ ሰው ከሥራው ያየሁትን ልንገር። ባዮሱ የሚታደሰው አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነቀል ነው፤ አዲሱን ሰክቶ ማደስ የሚያስችሉ ማዘርቦርዶች ቢኖሩም ሁሉ አይደሉም፤ ያልታደሰ ማዘርቦርድ አዲሱን እንግዳ አያውቀውምና ስክሪኑ ጨልሞ ይቀራል። ባዮስ እየተጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ዳግመኛ ላይነሣ ይችላል፤ ስለዚህ እኛ ዩ.ፒ.ኤስ. ተውሰን፤ ባትሪው እስኪሞላ ጠብቀን ነው የሠራነው። ሁለተኛው አደጋ ማቀዝቀዣውን ስታነሡ ነው። የኤ.ኤም.4 ፕሮሰሰር ከሥሩ 1,331 ቀጫጭን እግሮች አሉት፤ የሙቀት ቅባቱ ደርቆ ከተጣበቀ ማቀዝቀዣው ፕሮሰሰሩን ከሶኬቱ መንጭቆ ያወጣዋል፤ እግሮቹም ይጣመማሉ። ኮምፒዩተሩን ጥቂት ደቂቃ አሠርታችሁ ቅባቱ ሲለሰልስ አጥፉት፤ ገመዱንም ንቀሉ፤ ከዚያ ማቀዝቀዣውን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞራችሁ አንሡት እንጂ ቀጥ አድርጋችሁ አትሳቡ። የእኛ 3600 አንድ እግሩ ሳይጣመም ወጣ፤ በ2017 የወጣ ራይዘን 5 1600 ለነበረው ለጎረቤታችን ልጅ ሸጥንለት፤ እርሱም በበኩሉ ዩ.ፒ.ኤስ.ውን ተውሶ ባዮሱን አደሰ።